ሳባ ስትለኝ ንግሥቲቱ ትዝ አለችኝ

ሮተርዳም ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አጠገቤ አንዲት ጥቁር ሴት ድንች ትልጣለች፣ ታላቅ እህቴን የምታክል። ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት። «ከሳባ» አለችኝ። ቢላዋው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እኛ ሳባ ሲባል የምናውቀው ንግሥቲቱን ነዋ! በተሰባበረ ደች ስለ ማክዳ፣ ስለ ሰለሞን፣ ስለ ቀዳማዊ ምኒልክ ተረክሁላት። በትዕግሥት ሰምታ ስልኳን አወጣችና ካርታ አሳየችኝ። ካሪቢያን ባሕር ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጥብ።

ስፋቷ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 2,000 ገደማ። ያደግኩበት ቀበሌ ይበልጣታል። አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ 400 ሜትር ብቻ ነው፤ በመደበኛ የመንገደኞች በረራ ከዓለም አጭሩ። በሁለቱም ጫፍ ገደልና ባሕር! ቪዲዮውን ሳይ ድንቹን ትቼ አማተብኩ። የደሴቷን የመኪና መንገድም መሐንዲሶች «እዚህ አይሠራም» ብለው ነበር አሉ። ጆሴፈስ ላምበርት ሃሰል የሚባል የደሴቷ ሰው ምህንድስናን በደብዳቤ ተማረ። በ1938 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሕዝቡ በእጁ መቆፈር ጀመረ። የመጀመሪያዋ መኪና በ1947 ገባች። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ይቀየራል።

ሳባ ራሷን የቻለች አገር አይደለችም፤ በሕግ ቅኝ ግዛትም አይደለችም። ሳባ የነበረችበት፣ በሆላንድ ሥር ያለው ኔዘርላንድስ አንቲልስ የሚባል የደሴቶች ስብስብ በኦክቶበር 10 ቀን 2010 ፈረሰ። ኩራሳውና ሲንት ማርተን የሚባሉት ደሴቶች በዚያው በሆላንድ ዘውድ ሥር የየራሳቸው ፓርላማና ጠቅላይ ሚኒስትር ኖራቸው። ሳባ፣ ቦኔርና ሲንት ዩስታሺየስ ደግሞ እንደ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆነው ሆላንድ ውስጥ ገቡ። ሳባን ማንም አላስገደዳትም፤ በ2004 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 86 በመቶው የመረጠው ከሆላንድ ጋር መቀራረብን ነው። ገንዘባቸው ግን ዶላር ነው። በነገራችን ላይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የሆላንድ ትልቁ ተራራ ሳባ ላይ ነው፣ 887 ሜትር። የቀድሞው 322 ሜትር ነበር። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ሁለቱም ያስቃሉ።

እኔም «እኛ ቅኝ አልተገዛንም» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የሁላችንም አመል ናት። እሷ ልጣጩን ወደ ባልዲው እየጣለች «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። አፌ ተያዘ። ስንት ክረምት የስደተኞች ካምፕ ውስጥ እንዳለፈብኝ፣ የኢንቡርገሪንግ ፈተና (ዜግነት የሚፈልግ ስደተኛ የሚፈተነው የደች ቋንቋና የአገር ዕውቀት ፈተና) ሁለቴ እንደወደቅኩ ታውቃለች። እኔ እንዲህ የምዳክርለትን ፓስፖርት እሷ ስትወለድ ጀምሮ አላት።

ደሴቷን የሚያራቁታትም ያው ፓስፖርት ነው። ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርሱ ለትምህርት ይወጣሉ፤ ቪዛ የለ፣ ወረፋ የለ። ብዙዎቹ ወልደው ከብደው እዚሁ ይቀራሉ። እሷም የመጣችው ለአራት ዓመት ነበር፣ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆናት። እዚያ ያለው ሥራ በጣት ይቆጠራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባሕር ለመጥለቅ የሚመጣ ቱሪስት፣ ሎብስተር ማጥመድ። አንድ የሕክምና ትምህርት ቤትም አለ፤ ብዙ ተማሪዎቹ ከሰሜን አሜሪካ ናቸው፣ እናቷም ክፍል የምታከራየው ለእነሱ ነው። ሸቀጡ በሲንት ማርተን በኩል በመርከብ ስለሚመጣ ቲማቲም እንኳ ውድ ነው። የጡረታና የድጎማ ክፍያው ግን ከዚህኛው ሆላንድ ያንሳል። የሚያንገበግባት ይኼ ነው። «አንድ አገር ከሆንን እናቴ ለምን ታንሳለች?» ትላለች።

ነጻ መውጣትስ? ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። «2,000 ሰው የስንት አገር ኤምባሲ ይክፈት? አውሎ ነፋስ ሲመጣስ የማን መርከብ ይድረስልን?» እውነቷን ነው፤ በ2017 ኢርማ ሲያልፍ ያዩትን አይተዋል። ግን የሚከፍል ሰው ያዛል። በ2018 ዘ ሄግ ያለው የሆላንድ መንግሥት የጎረቤቷን የሲንት ዩስታሺየስን ምክር ቤት በትኖ ደሴቷን በኮሚሽነር ማስተዳደር ጀመረ። ይህን ሳነሳባት ዝም ብላ መላጧን ቀጠለች።

የእኔ ፓስፖርት የወጣ ቀን ኬክ ይዛ መጣች። «መጀመሪያ የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። አዲስ አበባ አልኳት። ዜግነት ስለቀየርኩ ለገዛ አገሬ ቪዛ እንደሚያስፈልገኝ፣ ቦሌ ስደርስ ከውጭ ዜጎች ጋር እንደምሰለፍ ስነግራት አላመነችኝም። እሷ ያንኑ ፓስፖርት ይዛ ሳባ ስትወርድ፣ የሚያይላት ፖሊስ የአክስቷ ልጅ ነው። ገለጥ እንኳ ሳያደርገው «ምሳ ደርሷል፣ ቶሎ ሂጂ» ይላታል።