ኤፍቲፒው ሎግኢን አርጎ ፎልደር አላሳይ ሲል፣ ፓሲቭ ሞድ የገባኝ ያኔ ነው

ኮምቦልቻ አንድ ማተሚያ ቤት ነው የምሰራው፣ ደሴ ፒያሳ ያለ ፎቶ ቤት የሰርግ አልበም ሲያሳትም ፋይሉን በፍላሽ አርጎ ለሚኒባስ ረዳት ይሰጥልን ነበር፣ ሐረጎን ወርዶ እኛ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ አንዳንዴ ደሞ ፍላሹ አልከፍት ይላል። ስለዚህ እኛ ቢሮ ያለችው ሊኑክስ ማሽን ላይ ኤፍቲፒ ሰርቨር (ፋይል በኔትወርክ የሚቀበልና የሚሰጥ ፕሮግራም) ጫንኩ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት 21ን ከፈትኩ (ፖርት ማለት ፕሮግራም የሚገናኝበት የበር ቁጥር ነው)፣ እዛው ቢሮ ባለ ላፕቶፕ ሞከርኩት፣ ምንም ሳያስቸግር ሰራ።

ማታ ከደሴ ተደወለ። "ፓስወርዱን ተቀብሎኛል፣ ግን ፎልደሩ አይመጣም፣ ትንሽ ይቆይና ይቋረጣል፣ አብሽር ወንድሜ ካልሆነ ጠዋት በሚኒባስ እልክልሃለሁ" አለኝ።

እኔ ኤፍቲፒ በ21 ብቻ የሚያልቅ ነበር የሚመስለኝ። ለካ በ21 የሚሄደው ትዕዛዙ ብቻ ነው፣ ፋይሉም የፎልደሩ ዝርዝርም የሚመጣው በሌላ ኮኔክሽን ነው። በአክቲቭ ሞድ ክላየንቱ (ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው ኮምፒውተር፣ እዚህ የደሴው) "በዚህ ፖርት እየጠበኩ ነው" ይላል፣ ሰርቨሩ ከ20 ተነስቶ ወደሱ ይሄዳል፣ ግን ክላየንቱ ራውተር ጀርባ ከሆነ ከውጭ የመጣውን ማንም አያስገባውም። ፓሲቭ ሞድ ይሄን ነው የሚገለብጠው፣ ሰርቨሩ ፖርት ከፍቶ አድራሻውን ይናገራል፣ ክላየንቱ ራሱ ይመጣል። ይሄን ሳላውቅ 20ንም ራውተሩ ላይ ከፍቼ ነበር፣ ምንም አልጠቀመም፣ ምክንያቱም 20 ሰርቨሩ የሚወጣበት እንጂ ሰው የሚገባበት አይደለም።

የፈታልኝ የፋይልዚላ (ደሴ የሚጠቀሙበት የኤፍቲፒ ፕሮግራም) ሎግ ነው፣ ስክሪኑን በቴሌግራም ላኩልኝ። 227 ብሎ የጀመረ መስመር ነበረው፣ ሰርቨሩ በፓሲቭ ሞድ አድራሻውን የሚናገርበት መልስ ነው፣ ቅንፉ ውስጥ 192,168,1,10,183,42 ይላል። የመጀመሪያዎቹ አራቱ አይፒ (የማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ) ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፖርት፣ 183ን በ256 ታባዛና 42 ትደምራለህ፣ 46890 ይመጣል። ችግሩ ሁሉ እዚህች መስመር ላይ ነበር። 192.168 ብሎ የሚጀምረው የቢሮአችን የውስጥ አድራሻ ነው፣ ከደሴ በሱ አይደረስብንም፣ 46890ም ራውተሩ ላይ ዝግ ነው፣ ደሞ በየሙከራው ቁጥሩ ይቀያየራል።

የሰርቨሩ ኮንፊግ (ማስተካከያ ፋይል) ላይ ፓሲቭ ፖርቶቹን ከ50000 እስከ 50050 ወሰንኳቸው፣ እነሱኑ ራውተሩም የማሽኑ ፋየርዎልም ላይ ከፈትኩ። ፋይልዚላ ወዲያው ሰራ፣ ምክንያቱም የውስጥ አድራሻ ሲሰጠው እሱን ትቶ መጀመሪያ በገባበት አይፒ ይሄዳል። የፎቶ ቤቱ ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ ያለው አሮጌ ፕሮግራም ግን እንዳለ ስለሚቀበል እምቢ አለ፣ ቋሚውን የውጭ አይፒያችንን ኮንፊጉ ላይ ስሞላው እሱም ገባ።

አሁን ሰርቨር ስተክል ከቢሮ ውስጥ ሞክሬ አላምንም፣ የስልኬን ዳታ ከፍቼ ከውጭ ነው የምሞክረው። ኤፍቲፒ ፓስወርድን ሳይደብቅ ስለሚልክ ቲኤልኤስም (የሚላከውን የሚያመሰጥር) አበራሁበት፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ አንዳንድ ራውተር የ227ቷን መልስ አንብቦ አድራሻውን ያስተካክላል፣ ቲኤልኤስ ሲበራ ግን ማንበብ ስለማይችል የውጭ አይፒውና ፖርቶቹ ሰርቨሩ ላይ በትክክል መሞላት አለባቸው።

በማግስቱ የአንድ ሰርግ አልበም ሙሉውን ከደሴ ገባ፣ ከሰአት በፊት ማተም ጀመርን።