የኮብላዩ ቴምብር

ዛሬ ኅዳር 1 ቀን ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 10 መሆኑ ነው፤ ጸሐፌ ተውኔቱና ባለቅኔው ፍሪድሪሽ ሺለር በ1759 ከሽቱትጋርት በስተሰሜን፣ በኔካር ወንዝ ዳር በምትገኘው በማርባህ ከተማ የተወለደበት ቀን። (ዓመታቱን ሁሉ እኔ በምኖርበት በጀርመን አገር እንደሚቆጠሩት ጽፌአቸዋለሁ።) ከሥራ እንደተመለስሁ ቡና አፍልቼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልከፍተው የቆየሁትን የቴምብር አልበም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ እስከ እኩለ ሌሊትም ከእሱ አልተነሣሁም።

አልበሙን የሰጡኝ በታችኛው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ዕቃቸውን በማውረድ ረድቻቸው ነበርና፣ ገንዘብ እንደማልቀበል ባወቁ ጊዜ ይህን ቡናማ ሽፋን ያለው አልበም በእጄ አኖሩልኝ። የተወለዱት በምሥራቅ፣ በቱሪንገን ነው፤ የበርሊን ግንብ ከመሠራቱ በፊት ወደ ምዕራብ ተሻግረው ቀሪ ዕድሜአቸውን እዚሁ ሽቱትጋርት አሳልፈዋል። ሲሰበስቡ የኖሩት ግን የሁለቱንም ጀርመን ቴምብር ነበር። ገጾቹን ስገልጥ አንድ ፊት ደጋግሞ መጣብኝ፤ ረጅም አፍንጫ፣ ወደ ኋላ የተለቀቀ ጠጉር፣ ያልተቆለፈ ኮሌታ። ሺለር ነበር። ብቆጥረው አምስት መንግሥታት፣ እርስ በርሳቸው የተጣሉት ጭምር፣ በየተራ አትመውታል።

እኔ ልጅ ሳለሁ ቴምብር ማለት የንጉሥ መልክ ማለት ይመስለኝ ነበር። አባቴ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ካኖራቸው ቴምብሮች አብዛኞቹ ጃንሆይ የታተሙባቸው ነበሩ፤ የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም ቢሆኑ የዳግማዊ ምኒልክን መልክና የይሁዳን አንበሳ የያዙ ናቸው። ገዢ የሚቀመጥበት ያ ጠባብ አራት ማዕዘን ለአንድ ባለቅኔ መሰጠቱ ብቻውን ላያስገርም ይችላል። የሚያስገርመኝ ይህ ባለቅኔ ከገዢው አገልግሎት በሌሊት የኮበለለ ሰው መሆኑ ነው።

ልጁን ከወላጆቹ የወሰደው የቩርተምበርግ መስፍን ካርል ኦይገን ነበር። አባቱ ዮሐን ካስፓር ሺለር የመስፍኑ መኮንን ስለነበሩ እስከ መጨረሻው እንቢ ማለት አልቻሉም። ልጁ ቄስ የመሆን ምኞት ነበረው፤ መስፍኑ ግን በ1773፣ ገና 13 ዓመቱ ሳለ፣ ባቋቋመው ወታደራዊ ትምህርት ቤት አስገባው፤ በመጀመሪያ ሕግ፣ ቀጥሎም ሕክምና እንዲያጠና ተደረገ፤ ሲመረቅም በሽቱትጋርት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው የክፍለ ጦር ሐኪም ሆነ። በተማሪነቱ ተደብቆ የጻፈው «ወንበዴዎቹ» የተሰኘው ተውኔት ጃንዋሪ 13 ቀን 1782 በማንሃይም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ደራሲው ፈቃድ ሳይጠይቅ የግዛቱን ድንበር ተሻግሮ በተመልካቾች መካከል ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ እንደዚሁ ሲያደርግ ታወቀበትና 14 ቀን ታሰረ። ከዚያም በተውኔቱ ውስጥ የስዊዘርላንድን የግራውቡንደን ሕዝብ የሚነካ ቃል አለ ተብሎ አቤቱታ በመጣ ጊዜ፣ መስፍኑ ከሕክምና በቀር ሌላ ነገር ጽፎ እንዳያሳትም ከለከለው።

ይህ ክልከላ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። ባለቅኔው ክርስቲያን ሹባርት በ1777 በተንኮል ወደ ግዛቱ ተስቦ ከተያዘ በኋላ ያለ ፍርድ በሆሄንአስፐርግ ምሽግ ታስሮ ነበርና፤ ታስሮም 10 ዓመት ኖረ። ምሽጉ ያለበት ኮረብታ ከሉድቪግስቡርግ አጠገብ ዛሬም ይታያል።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምናውቀው በይበልጥ አንድርያስ ሽትራይኸር ከተባለው ወጣት ሙዚቀኛ ነው። ሽትራይኸር የሺለር ጓደኛ ነበር፤ ያንን ሌሊት በሸመገለ ጊዜ ጽፎታል፤ መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1836 ታትሟል። ለመኮብለል የተመረጠው ሴፕቴምበር 22 ቀን 1782 ነበር፤ የሩስያው አልጋ ወራሽ ፓውል ከባለቤቱ ጋር በእንግድነት መጥቶ ስለነበር ከተማው በሙሉ በድግስ ተወጥሮ ነበር። ምስጢሩን ከሽትራይኸር ሌላ የሚያውቁት እናቱና እኅቱ ብቻ ነበሩ። አባቱ ሆን ተብሎ አልተነገራቸውም፤ መስፍኑ ቢጠይቃቸው እንደ መኮንን ክብራቸውን አስይዘው «አላውቅም» ለማለት እንዲችሉ ነው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ትንሽ ቆም እላለሁ። ከቤተሰቡ ተሰውሮ አገር ለቆ የሄደ ሰው ሁሉ ማን ይወቅ፣ ማን አይወቅ የሚለውን ስሌት ያውቀዋል፤ ላለመንገር የሚመረጠውም ብዙውን ጊዜ የማይወደደው ሳይሆን የሚመረመረው ሰው ነው።

በዚያ ቀን ጠዋት ሽትራይኸር ዕቃ ሊያስወጣ ሲመጣ፣ ሺለር ምንም ሳይሰናዳ የክሎፕሽቶክን ቅኔ ሲያነብ ቆይቶ እሱም በምላሹ አንድ ቅኔ መጻፍ ጀምሮ አገኘው። ሽትራይኸር እየወተወተ ነው ያስነሣው። ሌሊት በአራት ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ሣጥንና አንድ ትንሽ ፒያኖ በጫነች ሠረገላ፣ ስማቸውን ቀይረው በኤስሊንገን በር ወጡ፤ ሺለር «ዶክተር ሪተር»፣ ሽትራይኸር «ዶክተር ቮልፍ» ተባሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ከሩቅ ሰማዩ ቀላ። ለእንግዶቹ ክብር የሶሊቱድ ቤተ መንግሥት በመብራት አሸብርቆ ነበር። የሺለር አባት የመስፍኑን የዛፍ ችግኝ ጣቢያ የሚመሩት እዚያው ሶሊቱድ ነበርና፣ ልጁ በብርሃኑ መካከል የወላጆቹን ቤት ለጓደኛው በጣቱ አሳየው፤ ወዲያውም «እናቴን!» ብሎ ወደ መቀመጫው ተመለሰ። አገሩን እንደገና ለማየት 11 ዓመት ፈጀበት።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ኤንትስቫይሂንገን ከተባለች መንደር ደርሰው ቡና እስኪፈላ ሲጠብቁ፣ ሺለር ከኪሱ የሹባርትን ግጥሞች የያዘ ደብተር አውጥቶ ለጓደኛው ያነብለት ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ «የመሳፍንት መቃብር» የተሰኘው ነበር፤ በእስር የተጻፈ፣ በሕይወት ሳሉ ሕዝብ ያስለቀሱ ገዢዎች በመቃብር ቤታቸው እንዴት እንደበሰበሱ የሚናገር ግጥም። ይህን ግጥም በልቤ ይዤዋለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አልበሙ። ከሺለር ቴምብሮች ቀዳሚው የ1926ቱ ነው፤ አረንጓዴ፣ ዋጋው 5 ፕፌኒግ። ንጉሠ ነገሥቱ ከወረደ በኋላ የተተካው ሪፐብሊክ ያወጣው የታላላቅ ጀርመናውያን ተከታታይ ነው፤ ጎተ፣ ሺለር፣ ቤትሆቨን፣ ካንት፣ ሌሲንግ፣ ላይብኒትስ፣ ባኽ፣ ዱረር አሉበት። በ10 ፕፌኒጉ ላይ ግን ንጉሥ ፍሪድሪሽ ዳግማዊ ስለተቀመጠ ብዙ የሪፐብሊኩ ደጋፊዎች ተቆጥተው ነበር። ንጉሥ ከቴምብር ላይ በቀላሉ አይወርድም።

የ1934ቱ ሁለት ቴምብሮች 6 እና 12 ፕፌኒግ ናቸው፤ የተወለደበትን 175ኛ ዓመት ያሰቡት ናዚዎች ናቸው። በፖስታ ላይ በጀግንነት የለጠፉት ሰው በመድረክ ላይ ግን አስቸገራቸው። በ«ዶን ካርሎስ» ተውኔቱ ውስጥ ማርኪ ፖዛ የተባለው ባላባት ለስፔኑ ንጉሥ «የሐሳብ ነጻነትን ይስጡ» ሲል በቴአትር ቤት የተቀመጠው ሕዝብ ያጨበጭብ ነበር፤ በዚያ ዘመን ማጨብጨብም አስተያየት ነው። «ቪልሄልም ቴል» ደግሞ ጨካኝ አገረ ገዢን በቀስት የሚገድል ሰው ታሪክ ነውና፣ በ1941 ሂትለር ራሱ ተውኔቱ እንዳይታይ አዘዘ። ቴምብር አንደበት የለውም፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ገዢዎች ከመጽሐፉ ይልቅ የሚወዱት።

ከጦርነቱ በኋላ የፈረንሳይ ጦር በያዘው ክፍል የወጡትን ሦስት ቴምብሮች ደግሜ ደጋግሜ ተመለከትኋቸው፤ ጎተ በ1 ማርክ፣ ሺለር በ2 ማርክ፣ ሃይነ በ5 ማርክ። ሃይንሪሽ ሃይነ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ባለቅኔ ነው፤ መጻሕፍቱ በ1933 በአደባባይ ተቃጥለዋል። ከሁሉ የሚበልጠውን ዋጋ ለእሱ መስጠታቸው አጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ቀጥሎ 1955 ይመጣል፤ ሺለር ከሞተ 150 ዓመት። ምዕራቡ አንድ ሰማያዊ የ40 ፕፌኒግ ቴምብር አወጣ፤ ምሥራቁ 5፣ 10 እና 20 ፕፌኒግ የሆኑ ሦስት አወጣ። አዛውንቱ ሁለቱን በአንድ ገጽ፣ ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት አድርገው አስቀምጠዋቸዋል። የተወለደባት ማርባህ በምዕራብ፣ የሞተባት ቫይማር በምሥራቅ ቀርታ ስለነበር፣ አንዱ መንግሥት የተወለደበትን አልጋ፣ ሌላው መቃብሩን የያዘ ይመስል ነበር። ስደተኛው ደራሲ ቶማስ ማን በዚያው ሜይ ወር ስለ ሺለር ያዘጋጀውን ንግግር በመጀመሪያ ሽቱትጋርት፣ ቀጥሎም ቫይማር ተገኝቶ አሰማ፤ በአንደኛው ብቻ ለመናገር ፈቃደኛ ያልሆነ አንድ ሽማግሌ ነበር ማለት ነው። እሱም ከሦስት ወር በኋላ አረፈ። በ1959፣ በ200ኛው የልደት ዓመት፣ ምሥራቅ ጀርመንና ምዕራብ በርሊን ደግሞ ለየብቻ አትመውታል፤ ምዕራቡ በ1961 በጀመረው ተከታታይም ውስጥ ባለ 60 ፕፌኒጉ እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉትን ገጾች በፍጥነት አለፍኋቸው።

መቃብሩ ያልሁት ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። ሺለር ሜይ 9 ቀን 1805 በ45 ዓመቱ ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር ሳንባው እንዳልነበረ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐኪሙ እስከዚያ ድረስ እንዴት በሕይወት እንደቆየ ገረመው። የተቀበረው የራሳቸው መቃብር በሌላቸው ሰዎች የጋራ ክፍል ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ የከተማው ከንቲባ ያንን ክፍል አስከፍቶ ከተገኙት የራስ ቅሎች ትልቁን የሺለር ነው አለ፤ ወዳጁ ባለቅኔው ጎተም ያንን ቅል ለጊዜው ወደ ቤቱ ወስዶ እያየ ግጥም ጻፈለት። በ1827 አጥንቱ በክብር ወደ አዲስ ማረፊያ ተዛወረ፤ ማረፊያውም የቫይማር ገዢዎች የቤተሰብ መቃብር ነው። ስሙ በጀርመንኛ የሹባርት ግጥም ስም ነው፤ «የመሳፍንት መቃብር»።

ዛሬ ማታ አልበሙን ይዤ ያስቀመጠኝ ይህ ነው። በ22 ዓመቱ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በአንዲት የመንደር ማረፊያ ቤት ቡና እየጠበቀ ያንን ግጥም በድምፁ ያነበበውን ወጣት፣ መጨረሻህ በዚያው ስም በሚጠራ ቤት ከመሳፍንት ጎን መጋደም ነው ቢሉት ምን ይል ነበር? ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2008 ተመራማሪዎች ከእኅቱና ከሌሎች ዘመዶቹ አጥንት የወሰዱትን ዘረመል ከቅሉ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ቅሉ የእሱ እንዳልሆነ፣ በሣጥኑ ያሉት አጥንቶችም የተለያዩ ሰዎች እንደሆኑ ታወቀ። አሁን በቫይማር ከጎተ አጠገብ ያለው የሺለር ሣጥን ባዶ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ከመሳፍንት ቤት ጠፍቷል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

በሽቱትጋርት ያለው ሐውልቱም የቆመው በዚያው በገዢዎቹ አሮጌ ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው። የዴንማርኩ ቶርቫልድሰን ቀርጾት በ1839 ተመርቋል፤ የአበባ ጉንጉን ደፍቶ አንገቱን አቀርቅሯል። በዚያ በኩል ወደ ሥራ ሳልፍ ዘወትር ያዘነ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን በዚያ ግቢ ፊት ቀና እንዲል መጠበቄ ራሱ ገርሞኛል።

አልበሙን ልዘጋ ስል ወደ 1926ቱ ገጽ ተመለስሁ። ሺለር 5 ፕፌኒግ፣ ከእሱ ቀጥሎ ቤትሆቨን 8 ፕፌኒግ። ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያገናኛቸው በ1785 የተጻፈው «ለደስታ» የተሰኘው ግጥም ነው፤ ቤትሆቨን በ1824 በዘጠነኛው ሲምፎኒው ውስጥ ያስገባው፣ ዜማውም የአውሮፓ መዝሙር የሆነው። ከግጥሙ ሌላ ግን አንድ ሰው አለ። ሽትራይኸር እናቱ ወደ ሀምቡርግ ሄዶ ከካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ ሙዚቃ እንዲማርበት ያሰናዳችለትን ገንዘብ ከሺለር ጋር በስደት ጨረሰው፤ ሀምቡርግም ሳይደርስ ቀረ። በኋላ የፒያኖ ሠሪ ልጅ የሆነችውን ናኔተ ሽታይንን አግብቶ ቪየና ተቀመጠ፤ ባልና ሚስቱ እዚያ ፒያኖ እየሠሩ የቤትሆቨን ወዳጆች ሆኑ።

ቴምብር የመንገዱ ዋጋ መከፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ነው፤ የሺለርን የመንገድ ዋጋ የከፈለው ሽትራይኸር ነው። በአልበሙ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ፈልጌ የእሱን መልክ አላገኘሁም። የቤትሆቨንን ቴምብርና ከእሱ በስተቀኝ ያሉትን በወረንጦ አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ ቀኝ አሸጋሸግኋቸው፤ በአምስቱና በስምንቱ ፕፌኒግ መካከልም የአንድ ቴምብር ቦታ ባዶ ተውሁ።