የፕላስቲክ ጊታሬ ዘጠነኛ ወር

በፕላስቲክ ጊታር የሚጫወቱትን የሙዚቃ ጌም ጥቅምት ላይ ጀምሬ ይኸው ሰኔ ገባ። ከመካከላችሁ ገና ጊታሩን ያነሳችሁ ስላላችሁ የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎች ልጻፍላችሁ። የተሳካልኝ ጥቂት ስለሆነ እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ጊታሩን ያመጣልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ውጭ አገር ያገለገለ ዕቃ መሸጫ አግኝቶት፣ አንገቱን ከሆዱ ነቅሎ፣ በሹራብ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ሐዋሳ፣ አቶቴ ባለችው የኪራይ ክፍሌ አልጋ ላይ ዘርግተን ስንገጥመው ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን። አንገቱ ላይ አምስት ቁልፍ አለው፦ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ሆዱ ላይ ወደላይና ወደታች ቀጭ ቀጭ የሚል መምቻ፣ ከጎኑ ረጅም ኖታ የምታወዛውዝበት ዘንግ። አውታር የለው፣ ድምፅ የለው።

ዕቃው የጊታር ሂሮ ዘመን ቅርስ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ኖታ እየመጣ መስመሩን ሲነካ፣ የዚያኑ ቀለም ቁልፍ ይዘህ መምቻውን የምትመታበት ጌም ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ፤ በ2007 ደግሞ ሮክ ባንድ መጥቶ ከበሮና ማይክሮፎን ጨመረበት፣ ሳሎን ውስጥ ባንድ ተመሠረተ። እኔ ያን ጊዜ ጌም ቤት ተሰልፌ በሰዓት እየከፈልኩ ኳስ ነበር የምጫወተው። እኛ እጅ ሲገባ ፋሽኑ አልፎበታል፤ ግን ሰው የጣለው ዕቃ ስለሆነ ነው የደረሰን። አሁን አብዛኞቻችን የምንጫወተው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ክሎን ሂሮን ነው። ነፃ ነው፣ ደግሞም ዘፈኑን ራሳችሁ ታስገባላችሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ።

የመጀመሪያው መርዶ ጊታሩ የፕሌይስቴሽን 3 መሆኑ ነበር። እነዚህ ገመድ አልባ ጊታሮች የሚሠሩት አብሯቸው በሚመጣው የዩኤስቢ መቀበያ ብቻ ነው። መቀበያው ከሌለ ጊታሩ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል እንጂ የሚሰማው የለም። ሻጩ አልሰጠውም፣ የአጎቴም ልጅ መጠየቅ እንዳለበት አላወቀም። ስለዚህ ያገለገለ የምትገዙ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት መቀበያውን ጠይቁ። ባለገመዱ የኤክስቦክስ 360 ጊታር ከገጠማችሁ ግን ብዙ አትከራከሩ፤ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ይሠራል።

የኔው ሦስት ሳምንት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጌጥ ሆነ። ከዚያ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የምትባለውን ጣት የምታህል ሰርኪት በሰው ከአዲስ አበባ አስመጣሁና ፒያሳ ቴሌቪዥን የሚጠግን ወዳጄ ጋ ወሰድኩት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ሽቦ ወደ ፒኮው ይሄዳል፣ የቁልፎቹ ሌላኛው ጫፍ ሁሉም በጋራ ግራውንድ ላይ ይገናኛል። አምስት ሽቦ ለጣት፣ ሁለት ለመምቻው ላይና ታች፣ ሁለት ለስታርትና ለሴሌክት። ዘንጉ ብቻ ለየት ይላል፤ እሱ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞር ሬዚስተር ስለሆነ አናሎግ የሚያነብ እግር ላይ መግባት አለበት። ፒኮው ላይ ሳንትሮለር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ፣ ኮምፒውተሩም "ጊታር ተሰካ" አለ። ወዳጄ ሽቦዎቹን በይዶ ሲጨርስ፣ "ይሄ ሁሉ ልፋት ድምፅ ለሌለው ጊታር?" አለኝ። ሒሳቡን ግን ቀነሰልኝ።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣና አንድ ወር ሙሉ ራሴን ሰደብኩ። ኖታው መስመሩን ሲነካ እመታለሁ፣ ምቱ ግን ከኋላ ይደርሳል። "ለካ ጆሮ የለኝም" ብዬ ደመደምኩ። ሰርግ ላይ እስክስታ ሲጀመር ጥግ የምይዝ ሰው ስለሆንኩ ለማመን አልከበደኝም። ጥፋቱ የብሉቱዝ ስፒከሩ ነበር! ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ይልካል፣ ስፒከሩ ደግሞ ተቀብሎ ይፈታል፤ በዚህ መሀል ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ቢያልፍ አይግረማችሁ። ዘፈን ብቻ ለሚሰማ ሰው ምንም አይደለም፣ ለኛ ግን መዓት ነው። ጠፍጣፋው ቲቪም ምስሉን ሲያሳምር የራሱን ያዘገያል። ስፒከሩን በገመድ አደረግሁት፣ ቲቪውን ጌም ሞድ ላይ አስቀመጥኩት፣ ካሊብሬሽን (የጌሙ የመዘግየት ማስተካከያ) ገብቼ የድምፁንና የምስሉን መዘግየት ለየብቻ ለካሁ።

ተገላገልኩ ስል አንድ ማታ መብራት ጠፋ። በላፕቶፑ ባትሪ፣ በላፕቶፑ ስክሪን ቀጠልኩ፣ እንደገና ሁሉም ተበላሸ። ለካ የቲቪው ቁጥር ለላፕቶፑ አይሆንም። አሁን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁጥር ለጥፌያለሁ፦ "መብራት ሲኖር" እና "መብራት ሲጠፋ"።

መዘግየቱን ማስተካከል ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ያ ወር የተከለብኝ አመል ግን እስከ ሚያዝያ አልለቀቀኝም። ድምፁን ማመን ስላልቻልኩ በዓይን ብቻ መምታት ለምጄ ነበር።

በዓይን ብቻ እየተጫወቱም ደረጃ ይወጣል፤ ይሄ ነው የሚያታልለው። ቀላሉ በሦስት ቁልፍ ነው፣ መካከለኛው ሰማያዊን ይጨምራል፣ ከባዱ ብርቱካናማን። አራት ጣት ለአምስት ቁልፍ አይበቃም። አንዳንዶቻችሁ ትንሿን ጣት ዘርጉ ትላላችሁ፣ እኔ እጄን አንድ ቁልፍ ወደታች ማንሸራተቱ ይሻለኛል፤ የትንሿ ጣቴ ጉልበት የቡና ስኒ ከማንሳት አያልፍም። በየካቲት ከባዱን ጨረስኩ፣ የመጨረሻው ደረጃ፣ ኤክስፐርት ላይ ፍጥነት ሲመጣ ወደቅኩ። ፈጣን ኖታ ለዓይን ጭጋግ ነው።

መጋቢት ላይ ደግሞ ዘፈኑ ሰለቸኝ። ስለዚህ ሙንስክሬፐር በሚባለው ነፃ ማዘጋጃ የአንድ የድሮ አማርኛ ዘፈን ቻርት፣ ማለትም ጌሙ የሚያሳየውን የኖታ ዝርዝር፣ ራሴ ልሠራ ተነሳሁ። ምቱ ችክችካ ነው። በሁለት ቀን እጨርሳለሁ ብዬ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

አንደኛ፣ የድሮ ባንድ በሜትሮኖም (ምት እኩል በሚቆጥር መሣሪያ) አልቀዳም። ከበሮ መቺው ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ሁሉም ቆም ብሎ ይጠብቀዋል። አንድ ፍጥነት ሰጥቼ ብጀምር ሃያኛው ሰከንድ ላይ ኖታዎቹ ከዘፈኑ ተለያዩ። በየሁለት በየሦስት ምቱ አዲስ የፍጥነት ምልክት እየተከልኩ ሄድኩ፤ ለአራት ደቂቃ ዘፈን 130 ገደማ ምልክት።

ሁለተኛው ባሰ፦ "አንድ" የቱ ጋ ነው? ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ነው፣ ሦስት ሦስት እያለ ይሄዳል፤ ግን ሦስቱ ከየት ይጀምራል? እኔ ጊታሩ ጎልቶ የሚገባበትን "አንድ" ብዬ ቆጥሬ ነበር፣ የሠራሁት ሁሉ እንደ አንካሳ ያነክሳል። በዚህ መሀል አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አከራዬ በሬን አንኳኩ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ቀጭ ቀጭ ምንድነው? በግድግዳው ያልፋል እኮ።"

"ይቅርታ እትዬ፣ ዘፈን እየሠራሁ ነው።"

"ይሄ ዘፈን?" አሉና ገቡ፣ ወንበር ሳይፈልጉ በሩ ስር ቆመው አዳመጡ። ሳያስቡት አጨበጨቡ። ጭብጨባቸው እኔ "ሦስት" ብዬ የምቆጥረው ቦታ ላይ ነው የወደቀው። ስልኬን አውጥቼ ልቅዳዎት ስላቸው አፍረው ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አጨበጨቡልኝ። እንዴት ቆጠሩት ብላቸው፣ "ምኑ ይቆጠራል? ይሄ እኮ ትከሻ ላይ ነው የሚሰማው" አሉ። ያን ቅጂ ማዘጋጃው ውስጥ አስገብቼ ሁሉንም ምልክት በጭብጨባቸው ልክ አንድ ስምንተኛ ገፋሁት። ማንከሱ ቆመ።

ሦስተኛው ጉዳይ ችክችካ ለምትሠሩ ሁሉ ይጠቅማል። ቻርት ውስጥ አንድ ምት 192 ነጥብ ነው፣ ለሦስት ሲካፈል 64። ፕሮግራሙ ደግሞ ከቀደመው ኖታ የተለየ ሆኖ ርቀቱ ከ65 የማይበልጠውን ነጠላ ኖታ ሁሉ "ሳይመቱ በጣት ብቻ የሚያዝ" አድርጎ ይቆጥረዋል። በአንዲት ነጥብ ልዩነት የኔ ችክችካ በሙሉ መምቻ የማያስፈልገው ሆነ! ችክችካ ያለ መምቻ ደግሞ ችክችካ አይደለም። ኖታዎቹን እየመረጥኩ ወደ መደበኛ ምት መመለስ ነበረብኝ፤ ዜማው የሚንሸራተትበትን ብቻ በጣት ተውኩ።

ቁልፍ መመደቡ ግን ደስ አለኝ። የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ ጊታሩ አምስት ቁልፍ። ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም እንደዚሁ አምስት ናቸው። የቅኝቱን መነሻ አረንጓዴ ላይ፣ አምስተኛውን ብርቱካናማ ላይ አስቀመጥኩ። ዜማው ከዚያ በላይ ሲወጣ ወደ አረንጓዴ ተመልሶ ይጀምራል፤ ጣት ወረደ ዜማ ወጣ፣ ትንሽ ያስቃል። ክራር የሚጫወት የሥራ ባልደረባዬ አይቶ፣ "የኛ ተገላቢጦሽ ነው" አለ። ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች አፍነው ይይዛሉ፣ እንዲሰማ የተፈለገው ይለቀቃል። የኔ ጊታር ላይ የያዝከው ነው የሚሰማው። ሰጥቼው ሞከረ፣ ቀላሉ ላይ ወደቀ፤ በጣም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ቻርቱ ሲያልቅ በኤክስፐርት ተጫወትኩት። ዘፈኑን አምስት ሳምንት ስሰማው ስለከረምኩ የሚመጣውን ከስክሪኑ በፊት አውቀዋለሁ፤ መሀል ላይ ዓይኔን ስክሪኑ ጥግ ላይ ጥዬ በጆሮዬ እየመታሁ ራሴን ያዝኩት። ከኖታዎቹ 94 በመቶውን መታሁ። በማግስቱ በየካቲት የወደቅኩበትን የውጭ ዘፈን፣ መጀመሪያ ሦስት ቀን ያለ ጊታር እየሰማሁ፣ ጉልበቴን እየመታሁ ቆይቼ ሞከርኩት። 81 በመቶ ይዤ ጨረስኩ።

አሁን ሁለተኛውን ቻርት ጀምሬያለሁ፣ አንቺሆዬ ነው። መግቢያው ላይ ማሲንቆው ያለ ምት ብቻውን ይንሰራፋል፤ ምልክት የምተክልበት ምት የለም። አከራዬን ጠርቼ ነበር፣ እሳቸውም እጃቸውን አንስተው ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ አላጨበጨቡም። እንዲህ ያለ መግቢያ የሠራችሁ ካላችሁ በአንድ ረጅም ኖታ ይዛችሁ በዘንጉ ታወዛውዙታላችሁ ወይስ ዜማውን ትበታትኑታላችሁ?