ውኃው በ92 ዲግሪ ፈላ

ስህተቴን ላስቀድም። የመጀመሪያው ማጠናከሪያ ትምህርቴ በከተማና በገጠር ልጆች መካከል ያለውን የሳይንስ ውጤት ልዩነት ጭራሽ አሰፋው።

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምር ነበር። ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ፣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እልህ ያዘኝ። ቅዳሜ ጠዋት በነፃ አስጠናለሁ ብዬ ማስታወቂያ ለጠፍኩ።

መጡልኝ። ግን እነማን? የመንግሥት ሠራተኛና የነጋዴ ልጆች፣ ድሮም ደህና የሚሠሩት። የገጠሮቹ ወንበር ባዶ ነው። "ሰነፎች!" ብያለሁ፣ አፌን ሞልቼ። በኋላ አንዱን ጠርቼ ስጠይቀው፣ "ቲቸር፣ ቅዳሜማ ስንቅ ላመጣ ቤተሰብ ጋ እሄዳለሁ" አለኝ። አፈርኩ። እነዚህ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚማሩት። ዓርብ ከሰዓት በእግር ወደ ቤት ይሄዳሉ። እሑድ ማታ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። እኔም ከገጠር ነው የወጣሁት፤ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ልክ ከክፍል ሲወጡ አደረግሁት። 50 ደቂቃ፣ አንዲት ደቂቃ አልጨምርም። ብጨምር ሴቶቹ ይቀራሉ። ከወንድሟ ጋር የተከራየች ልጅ ውኃ የምትቀዳውም ወጥ የምትሠራውም እሷ ናት። (ወንዶቹን ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ተቆጥቻቸዋለሁ። ብዙ የተለወጠ ነገር አላየሁም።)

ሁለተኛው ጣጣ መጽሐፍ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የጀመረበት ዓመት ስለሆነ መጽሐፉ ታትሞ አልደረሰንም፤ ያለው ፒዲኤፍ ነው። ስማርት ስልክ ያለው ያነባል፣ የሌለው ከሰሌዳ የገለበጠውን ይዞ ይገባል። የምንማረውን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ እያደረግሁ ለአንድ ኪራይ ቤት አንድ ቅጂ ማደል ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ለመስጠት ደመወዜ አይችልም። ደግሞም በአንድ ቅጂ ሲሻሙ አብረው ማጥናት ለመዱ፤ ይህን አስቤው አልነበረም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቋንቋው ነው። "ፕሬዠር" (ግፊት) ምንድን ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ክፍሉ ጭጭ ይላል። አንድ ማክሰኞ ጥያቄውን ገለበጥኩት። "ማረሻ ለምንድን ነው ጫፉ የሚሾለው?" ከኋላ ወንበር ብዙ እጅ ወጣ። ማረሻው ሲደንዝ በሬው እንዴት እንደሚለፋ፣ አባቱ ለምን ወደ አንጥረኛ እንደሚልከው፣ አንዱ ቆሞ ሲያስረዳ የከተማዎቹ ልጆች ዞረው ያዩታል። ከዚያ በኋላ "ያው ኃይል ጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ" ብዬ ቀመሩን ጻፍኩ። እንግሊዝኛውን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። መጀመሪያ ነገሩ፣ ቀጥሎ ስሙ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማስተምረው።

ሁሉም አለፉ አልልም። ሁለት ልጆች መንፈቀ ዓመቱ ሳያልቅ አቋርጠዋል፤ አንዷ ለትዳር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታችን አልተከፈተም። ያንን ማጠናከሪያ ትምህርት የሚመልሰው አይደለም።

አንድ ሐሙስ ግን ልንገራችሁ። ምዕራፉ ስለ ሙቀት ነው። ከሰል ምድጃና ብረት ድስት ከቤቴ አመጣሁ፣ ቴርሞሜትሩን ከላብራቶሪው ቁም ሳጥን። ከነካርቶኑ ነበር፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። ውኃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ፣ ከዚያ ንቅንቅ አላለም። ያዩትን ጻፉ አልኳቸው። ስዞር ብዙዎቹ 100 ብለዋል። ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ 92 ጽፋ ነበር፤ የጎረቤቷን አየችና በላጲስ ፍቃ 100 አደረገችው።

"ለምን ፋቅሽው?"

"መጽሐፉ 100 ነው የሚል፣ ቲቸር። እኔ ተሳስቼ ነው።"

አልተሳሳተችም። 100 የሚሆነው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃን የሚጫነው ይቀንሳል፣ ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብላ፣ "እንግዲያ ጮቄ ተራራ ሥር ያለችው አያቴ የባቄላ ንፍሮዋ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው?" አለች።

"መንደሯ 3,300 ሜትር ቢሆን ስንት ይሆናል? አስይው።"

ጣቷን እየቆጠረች ሠራችው። 89 ብላ ጻፈች። አሁንም የጎረቤቷን ደብተር አየት አደረገች። ላጲሱን ግን አላነሳችም።