ለዝንብ ብዬ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ከእህቴ ጋር በስልክ የተባባልነው ነው፤ ያው የድሮው ጭቅጭቃችን። ቤት መቀመጥ አቃተኝና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የሎሚዋ ለጋ ቅጠል ተጨማዷል። ገልበጥ ሳደርገው ክሽክሽ በክሽክሽ፣ ያ ደቃቁ ተባይ። ጉንዳኖቹ ግንዱን አስፋልት አድርገውት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳሉ፣ በምላሹ ጠላት ያባርሩለታል። ዘበኛ ቀጥሮ የሚበላ ተባይ!

ከሸዋ በር ድንብላልና እንስላል በእፍኝ ገዝቼ ስሯ የዘራሁት ለዚሁ ነበር። ደቃቅ አበባቸው ላይ ንብ የምትመስል ዝንብ ትመጣለች፤ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ክንፏን ብቻ የምታርገበግበው። እሷ አበባውን ትቀስማለች፣ እንቁላሏን ክሽክሹ መሀል ትጥላለች፣ ልጆቿ ክሽክሹን ይበላሉ። አሪፍ አይደል? ግን አበባ ይፈልጋል። እኛ ቤት እስኪያብብ የሚታገሱት ቅጠል የለም። ድንብላሉ ገና በለጋው ለቢስባስ ተሸመጠጠ። ጤና አዳሙንም እማዬ በየቡናው ትቀነጥሰዋለች።

«እስቲ ተይው፣ ያብብ» አልኳት።

«ለዝንብ ብለህ ቡናዬን ልታስቀርብኝ ነው?»

መልስ አጣሁ።

የተረፈችው አንድ እንስላል ናት። እሷ እንኳ ቢጫ አበባዋን ዘርግታለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቅርንጫፏ ላይ የወፍ ኩስ። በእንጨት ልጠርገው ስል ተንቀሳቀሰ። ከአናቱ ቀላ ያለ መንታ ቀንድ አወጣብኝ፣ ሽታው ደግሞ አይጣል። ትል ነው! የዚያ የትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ልጅ። ወፍ እንዳይበላው በልጅነቱ ኩስ መስሎ ነው የሚያድገው። የሎሚ ቅጠል ሙልጭ አድርጎ የሚበላው እሱ ነው፤ ለካ እንስላልም ይወዳል። ሎሚዋን ላድን ብዬ ለጠላቷ ምሳ ዘርቼለታለሁ።

ልጨፍልቀው አልኩ። ቢራቢሮው ታወሰኝ፣ ተውኩት። ሎሚዋን አየሁ፣ እንጨቱን መልሼ አነሳሁ። እንዲህ እያልኩ ፀሐይዋ ጠለቀች። ከመግባቴ በፊት ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት፣ ሳላስብ ሁልጊዜ እንደማደርገው ለእህቴ ላክሁላት።

ወዲያው መለሰች።

«ተጣላን ተብሎ የወፍ ኩስ ይላካል?»

ይኸው እስካሁን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። «ኩስ አይደለም፣ ትል ነው» ብላት ይሻላል?