ሦስተኛው ምሰሶ

ሐዋሳ ገብቼ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ሐይቁ አይደለም። ባጃጃችን መንገድ ተዘግቶበት አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆመ። ግቢው ውስጥ ሦስት የባንዲራ ምሰሶ ተተክሏል። አንዱ ላይ የፌዴራሉ፣ አንዱ ላይ የክልሉ፣ ሦስተኛው ባዶ። ገመዱ ብቻ በነፋስ ብረቱን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል።

ሁለቱ ይገቡኛል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ክልሎች የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ ሊኖራቸው እንደሚችል ይላል፣ ሲዳማም ከኅዳር 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ክልል ሆኗል። ሦስተኛውስ?

አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ለጓደኛዬ አነሳሁበት። ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ የከተማው እግር ኳስ ክለብ ከነማ የተሸነፈ ቀን እራት የማይበላ ሰውዬ ነው።

«የከነማን ባንዲራ መስቀል ነዋ!» አለ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ። «በ1996ም በ1999ም የሊጉን ዋንጫ ያመጣ ክለብ እኮ ነው።»

አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ አጠገባችን ቆሞ አጥንት ይጠብቃል።

እውነቱን ልናገር፣ ከነማ ሲባል ራራሁ። የክለብ ባንዲራ ማንን ይጎዳል? ግን ነገ ሌላው የእኔንም ስቀሉልኝ ብሎ ይመጣል። የአሜሪካዋን ከተማ የቦስተንን ነገርኩት። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ሦስት ምሰሶ አለ፣ አንዱን ለጠየቀው ሁሉ ሲያውስ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 284 ጊዜ ፈቅዶ አንዴም አልከለከለም። በ2017 አንድ ማኅበር መስቀል ያለበትን የክርስቲያን ባንዲራ ልስቀል ሲል ግን እምቢ አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2022 ዘጠኙም ዳኞች ለማኅበሩ ፈረዱ። ለሁሉ ከፍተህ ኖረህ፣ የዚህኛው እምነት ነው ብለህ አትዘጋም ነው ነገሩ።

«የፈረንጅ ጣጣ!» አለ።

«እነሱስ ፍርድ ቤት ሄዱ። እኛ ጋ ቢሆን የት የሚኬድ ይመስልሃል?»

ማኘኩን አቆመ። በባንዲራ የተነሳ ስንት ነገር እንዳየን እሱም ያውቃል፣ ከዚያ በላይ አልገፋሁትም። ለአባ ኮዳው የዓሣውን ጭንቅላት ወረወረለት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰው ባጃጁ ላይ የአርሴናልም ይለጥፍ፣ የቅዱስ ገብርኤልም፣ የራሱ ጉዳይ። መታወቂያ ላሳድስ የምሰለፍበት ቤት ግን ሌላ ነው። ሕግ ካዘዘው በላይ አንድ ጨርቅ ከጨመረ፣ በሩን ሳልፍ «እኔ ከየትኛው ነኝ?» ማለቴ አይቀርም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችውም ልጅ ይህንኑ ብታስብስ?

ስመለስ ሆን ብዬ በዚያው በኩል አለፍኩ። ጥበቃው በሩ ሥር ሻይ ይጠጣሉ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ምሰሶ ለምንድን ነው?»

ቀና ብለው አዩት፣ ዛሬ ገና ያዩት ይመስል።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ሲመጡ ሦስት ሆነው ነው የመጡት።»