የባሕር ወለል በነበረ ማሳ ላይ ዋልኩ

ዛሬ ከክፍል ልጆች ጋር ኔዘርላንድ ሌሊስታድ አካባቢ ማሳ ላይ ዋልን። ይህ መሬት እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር፤ በግድብ ከልለው፣ ውሃውን በፓምፕ መጥጠው ነው እርሻ ያደረጉት።

እኔን ግን የያዘኝ አዘራሩ ነው። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመንና ስንዴ በአንድ ማሳ ላይ በረድፍ በረድፍ ተዘርተዋል። በሽታው ድንቹን ቢይዝ እንኳ መሐል ላይ ሌላ ሰብል ስላለ እንደልቡ አይዛመትም። የእኛ ሥራ ነፍሳት መቁጠር ነበር። የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ይቀበራል፣ ማታ ማታ የሚሄዱት ጥንዚዛዎች እዚያ ይገባሉ። አንዷን መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት፤ ጥቁር ናት፣ ጀርባዋ ያብረቀርቃል፣ ዝም ብላ አትቆምም። ክሽክሽን (የሰብል ጭማቂ የሚመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት) እና የቀንድ አውጣ እንቁላል የሚበሉት እነዚህ ናቸው፣ ለገበሬው በነፃ ይሠሩለታል ማለት ነው። ጭቃው ቦቲዬን ይዞ አልለቅ ቢለኝም ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

ቀኑን ሙሉ የሐረርጌ ገበሬዎች ትዝ ሲሉኝ ነበር፣ ማሽላና ቦሎቄ አብረው ሲዘሩ ስንት ዘመናቸው! እዚህ ረድፉን በትራክተር ስፋት ልክ አድርገው እየሞከሩት ያለው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ቤተሰቦቻችሁ ምን ከምን ጋር ነው የሚዘሩት? እስቲ ጻፉልኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ።